ማን ምን ይወቅ? የሞጁል ሥርዓት ታሪክ በፕሮግራም ቋንቋዎች

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል። የምሳሌው እውነት የሚጸናው ግን ሎሚዎቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ ነው። አንዱን ሎሚ የያዘ ሰው የቀሩት አርባ ዘጠኙ እንዴት እንደ ተያዙ ማወቅ አያሻውም። የአንዱ ሥራ የሌላውን ሥራ የሚነካ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ሠራተኛ መጨመር ሸክሙን ማቅለል ቀርቶ ሊያከብደውም ይችላል።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም የመጻፍ ሙያ ከጥንስሱ ጀምሮ ሲታገል የኖረው ከዚሁ ችግር ጋር ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ መሥመሮች ያሉት ፕሮግራም በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ሊያዝ ስለማይችል በክፍል በክፍል መደልደል ግድ ይሆናል። ክፍሉ ሞጁል ይባላል። ሞጁል ሁለት ገጽታ አለው። አንደኛው ለውጭ የሚታየው ሲሆን፥ ሌሎች ክፍሎች ሊጠሩ የሚችሉትን ስምና የአጠቃቀሙን ውል ይዘረዝራል። ሁለተኛው ከውጭ የማይታየው የውስጥ አሠራሩ ነው። የሞጁል ሥርዓት የሚባለውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር የሚያስከብረው የፕሮግራም ቋንቋው ሕግ ነው።

የዚህ ሥርዓት ታሪክ ላይ ላዩን ሲታይ የቋንቋዎች ታሪክ ይመስላል። በውስጡ ግን አንድ የከረረ ክርክር አለ። ይኸውም በአንድ ትልቅ ሥራ ላይ የተሰማራ ባለሙያ ስለ ጓደኛው ሥራ ምን ያህል ሊያውቅ ይገባዋል? የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የንዑስ ፕሮግራም ዘመን

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው ኤድሳክ የተባለው ኮምፒዩተር የመጀመሪያዎቹን ፕሮግራሞች ያስኬደው በሜይ ወር 1949 ነበር። የሳይንና የኮሳይን ስሌት፥ ውጤትን በቁጥር ማተምና የመሳሰለው ሥራ በየፕሮግራሙ እየተደጋገመ ይመጣል። ይህን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ አንድ ጊዜ ተጽፎና ተፈትኖ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ቢቀመጥ፥ የፈለገ ሁሉ እየገለበጠ ሊጠቀምበት ይችላል። በዚህ አኳኋን የንዑስ ፕሮግራሞች ስብስብ ተቋቋመ። ዴቪድ ዊለር የተባለው ወጣት ተመራማሪም ማሽኑ ወደ ንዑስ ፕሮግራሙ ሄዶ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ተነሣበት ቦታ የሚመለስበትን ዘዴ አበጀ። በ1951 ዊልክስ፥ ዊለርና ስታንሊ ጊል ልምዳቸውን በመጽሐፍ አሳተሙ።

ከዘዴው ይልቅ ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ዊለር በ1952 በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ በተደረገ የሙያ ስብሰባ ላይ ያመለከተው ነጥብ ነው። ንዑስ ፕሮግራሙ ተጽፎና ተፈትኖ ካበቃ በኋላ አንድ ሌላ ሥራ ይቀራል። ይኸውም የውስጡን ትእዛዝ የማያውቅ ሰው ሳይቸገር ሊጠቀምበት እንዲችል መግለጫ መጻፍ ነው። ዊለር ከሥራው ሁሉ አስቸጋሪው ይህ ሳይሆን እንደማይቀር ተናግሯል። ሞጁል የሚለው ቃል በሙያው ገና ባልተለመደበት በዚያ ጊዜ፥ ሳያውቁ የመጠቀም መብትና የዚህ መብት ዋጋ አብረው ታይተው ነበር ማለት ነው።

የጋራ ጎተራ

በ1957 የአይ ቢ ኤም ኩባንያ ፎርትራን የተባለውን ቋንቋ አወጣ። በ1958 የወጣው ሁለተኛው ፎርትራን ደግሞ ንዑስ ፕሮግራሞችን ለየብቻ እየጻፉ ለየብቻ ወደ ማሽን ቋንቋ ማስተርጎም እንዲቻል አደረገ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ አንዱ ባለሙያ ክፍሉን ሲያርም የሌላው ክፍል እንደገና መተርጎም አላስፈለገውምና።

ዳሩ ግን ክፍሎቹ ቁጥሮችን የሚለዋወጡበት አንደኛው መንገድ ኮመን የተባለ የጋራ ማከማቻ ነበር። በዚህ ማከማቻ ውስጥ ዕቃው የሚታወቀው በስሙ ሳይሆን በተቀመጠበት ተራ ነው። አንዱ ክፍል «ሦስተኛው ቦታ ላይ ያለው የሙቀት መጠን ነው» ብሎ ሲያምን፥ ሌላው ባለሙያ በመካከል አንድ አዲስ ቁጥር ቢያስገባ የሙቀቱ መጠን ወደ አራተኛው ቦታ ይገፋል። ክፍሎቹ ለየብቻ ስለሚተረጎሙ ተርጓሚው ፕሮግራም ስሕተቱን የሚያይበት ዓይን የለውም። ፕሮግራሙም ሳይቆም የተሳሳተ ውጤት ያወጣል። ሁሉም ከአንድ ጎተራ የሚዝቅበት፥ በሩን ግን ማንም የማይጠብቅበት ቤት ማለት ይህ ነው።

አንድ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው መዝገብ

ችግሩ ገዝፎ የወጣው በ1960ዎቹ ዓመታት ነበር። አይ ቢ ኤም ለሲስተም 360 ኮምፒዩተሮቹ የሚሆነውን ኦ ኤስ 360 የተባለውን ሥርዓተ ክወና ለመሥራት ከ1963 እስከ 1966 ባሉት ዓመታት አምስት ሺህ ያህል የሰው ዓመት ጉልበት አፍስሷል። ሥራው በተፋፋመበት ጊዜ ከአንድ ሺህ በላይ ሠራተኞች ተሰልፈውበት ነበር። ሥራውን ከመሩት ዋነኛው ፍሬድሪክ ብሩክስ ይባላል።

ብሩክስና የሥራ ባልደረቦቹ የያዙት እምነት ግልጽ ነበር። እያንዳንዱ ፕሮግራመር የሥርዓቱን ክፍሎች ሁሉ ማየት አለበት፤ ስለሆነም ማናቸውም ውሳኔና ማናቸውም ለውጥ የሚሰፍርበት የሥራ መዝገብ ተዘጋጅቶ ለእያንዳንዱ ይታደል የሚል ነው። ሥራው ስድስት ወር ሳይሞላው የመዝገቡ ውፍረት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ደረሰ። በየቀኑ የሚታደለው ለውጥ ብቻ 150 ገጽ ያህል ስለነበር፥ ይህንኑ በየቦታው እየሰኩ መዝገቡን ማደሱ ራሱን የቻለ የዕለት ሥራ ሆነ። በማንሃታን ቢሮ ለሚሠሩት ፕሮግራመሮች የታደለው መቶ ቅጂ አንዱ በሌላው ላይ ቢደረደር ከ150 ሜትር በላይ ይቆም ነበር። በመጨረሻም መዝገቡ ወደ ማይክሮፊሽ ተዛወረ። ወረቀቱ ቀነሰ፤ መታወቅ ያለበት ነገር ብዛት ግን አልቀነሰም።

በኦክቶበር ወር 1968 የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት የሳይንስ ኮሚቴ ባስጠራውና በጀርመን አገር በጋርሚሽ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ላይ፥ ትላልቅ ፕሮግራሞች በጊዜያቸው አለመድረሳቸውና በስሕተት መሞላታቸው በሰፊው ተነሣ። በዚሁ ጉባኤ ዳግላስ ማክልሮይ ፕሮግራሞች እንደ ፋብሪካ መለዋወጫ ዕቃ ተዘጋጅተው ከሚገኙ ክፍሎች ይገጣጠሙ ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሆኖም ክፍል ሲባል በምን መለኪያ ይቆረጣል? ለሚለው ጥያቄ ገና አጥጋቢ መልስ አልተገኘም ነበር።

የፓርናስ መለኪያ

መልሱን በዲሴምበር ወር 1972 ያቀረበው ዴቪድ ፓርናስ ነው። ያሳተመው ጽሑፍ አጭር ሲሆን የመረጠው ምሳሌም ቀላል ነው። ምሳሌው የመጻሕፍትን ርእስ በእያንዳንዱ ቃሉ የሚያወጣ ማውጫ ማዘጋጀት ነበር። ነገሩን በአማርኛ ለማየት «የቡና ንግድ ታሪክ» የሚል ርእስ ቢኖር፥ ፕሮግራሙ ቃላቱን እያዞረ «ንግድ ታሪክ የቡና» እንዲሁም «ታሪክ የቡና ንግድ» የሚሉትን ያወጣል። ከዚያም ሁሉንም በፊደል ተራ ይደረድራል። አንባቢው ከርእሱ አንዲት ቃል ብቻ ቢያስታውስም መጽሐፉን ያገኘዋል።

ፓርናስ ይህን ፕሮግራም በሁለት መንገድ ከፋፍሎ አሳየ። የመጀመሪያው ማንኛውም ባለሙያ የሚመርጠው የተለመደው መንገድ ነው። አንዱ ክፍል ያነብባል፤ ሁለተኛው ያዞራል፤ ሦስተኛው ይደረድራል፤ አራተኛው ያትማል፤ አንድ ተቆጣጣሪ ክፍል ደግሞ ሁሉንም በየተራ ይጠራል። አከፋፈሉ የሥራውን ቅደም ተከተል የተከተለ ስለሆነ ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ክፍሎች በሙሉ አንድ ነገር በጋራ ያውቃሉ፤ ርእሶቹ በማሽኑ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ እንዴት እንደ ተቀመጡ። ርእሶቹ በዝተው ማኅደረ ትውስታው ቢጠብባቸውና አቀማመጡ መለወጥ ቢኖርበት፥ ሁሉም ክፍል ተፈትቶ እንደገና መጻፍ አለበት።

በሁለተኛው መንገድ የርእሶቹን አቀማመጥ የሚያውቅ አንድ ክፍል ብቻ ነው። ሌሎቹ «የአምስተኛውን ርእስ ሁለተኛ ቃል ስጠኝ» እያሉ ይጠይቁታል እንጂ ከየት እንዳመጣው አያውቁም። የሚያዞረው ክፍል የዞሩትን ርእሶች ጽፎ ያስቀምጣቸው ወይስ በተጠየቀ ጊዜ ብቻ ያዙራቸው፥ የሚደረድረው ክፍል አያውቅም። አቀማመጡ ቢለወጥ የሚነካው አንድ ክፍል ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ፕሮግራሞች ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ልዩነታቸው የሚገለጠው የለውጥ ቀን ሲመጣ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ፓርናስ ደንቡን አስቀመጠ። ፕሮግራም በሥራው ቅደም ተከተል መከፈል የለበትም። ይልቁንም አስቸጋሪ የሆኑት ወይም ወደፊት ሊለወጡ የሚችሉት ውሳኔዎች አስቀድመው ይለዩ፤ እያንዳንዱም ውሳኔ በአንድ ሞጁል ውስጥ ይሸሸግ። እንዲህ ሲሆን ሞጁል የሚታወቀው በሚሠራው ሥራ ብቻ ሳይሆን በሚጠብቀው ምሥጢር ይሆናል። ፓርናስ የዘዴውን ጉድለት አልደበቀም። ክፍሎቹ አንዱ ሌላውን በየጊዜው ስለሚጠሩ፥ አፈጻጸሙ ካልታሰበበት ፕሮግራሙ ሊዘገይ እንደሚችል በዚያው ጽሑፍ አመልክቷል።

ይህ ትምህርት ከብሩክስ እምነት ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነበር። ብሩክስ በ1975 ስለ ኦ ኤስ 360 ልምዱ ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ የፓርናስን ሐሳብ አንሥቶ ነቅፎታል። ፕሮግራመሩ የሌላውን ክፍል ውስጥ እንዳያይ የሚከለከል ከሆነ፥ በክፍሎቹ መካከል ያለው ውል እንከን የሌለበት መሆን አለበት፤ እንዲህ ያለውን ፍጹምነት ተማምኖ ሥራ መጀመር ግን ጥፋትን መጋበዝ ነው አለ። ሁሉም ሁሉን ቢያይ ስሕተት ያለበትን ውል የሚያጋልጥ ዓይን ይበዛል የሚል ነበር ሙግቱ።

ሐሳቡ የቋንቋ ሕግ ሲሆን

የፓርናስ ደንብ በመጀመሪያ ምክር እንጂ ሕግ አልነበረም። ፕሮግራመሩ ሲቸኩል አጥሩን ቢዘልል የሚከለክለው አልነበረም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ደንቡን በቋንቋው ሰዋስው ውስጥ ለማስፈር የሚደረገው ጥረት በየአገሩ ተጀመረ። መንገዱን አስቀድሞ የጠረገው በኦስሎ ኦለ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎርድ የሠሩት ሲሙላ 67 ነበር፤ መረጃንና በመረጃው ላይ የሚሠራውን ንዑስ ፕሮግራም በአንድ ላይ አሰባስቧልና። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባርባራ ሊስኮቭና ተማሪዎቿ ክሉ የተባለውን ቋንቋ ሠሩ። በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የፓሎ አልቶ የምርምር ማእከል ደግሞ ሜሳ የተባለው ቋንቋ የሞጁልን ውል በአንድ ጽሑፍ፥ አፈጻጸሙን በሌላ ጽሑፍ ለያይቶ አቀረበ።

በ1970 ፓስካልን ያወጣው የዙሪኩ ሊቅ ኒክላውስ ቪርት ከ1976 እስከ 1977 በዚሁ ማእከል በእንግድነት ቆይቶ ነበር። ፓስካል ለማስተማሪያነት ተወድዷል፤ ነገር ግን መጀመሪያ በወጣበት መልኩ መላው ፕሮግራም አንድ ጽሑፍ ሆኖ መቅረብ ስለነበረበት ለብዙ ሰዎች የጋራ ሥራ አይመችም ነበር። ቪርት ወደ ዙሪክ ሲመለስ ሊሊት የተባለውን ኮምፒዩተርና መላ ፕሮግራሙ የሚጻፍበትን ሞዱላ 2 የተባለውን ቋንቋ ለመሥራት ተነሣ።

በሞዱላ 2 እያንዳንዱ ሞጁል ሁለት ሰነድ አለው። የመጀመሪያው መግለጫ ሲሆን፥ ለሌሎች የተፈቀዱትን ስሞችና የንዑስ ፕሮግራሞቹን አጠራር ብቻ ይዘረዝራል። ሁለተኛው አፈጻጸሙን ይይዛል። ተጠቃሚው ክፍል የሚፈልገውን ስም ከየትኛው ሞጁል እንደሚያስመጣ በግልጽ መጻፍ አለበት። አንድን የመረጃ ዐይነት በስሙ ብቻ አስታውቆ ከምን እንደ ተሠራ መደበቅም ይቻላል። ከሁሉ በላይ ግን ተርጓሚው ፕሮግራም አንዱን ክፍል ለብቻው ሲተረጉም የሌሎቹን መግለጫ እያነበበ ውሉ መከበሩን ይመረምራል። አፈጻጸሙ ቢለወጥና መግለጫው ባይነካ ተጠቃሚዎቹ እንደገና መተርጎም አያስፈልጋቸውም፤ መግለጫው ከተለወጠ ግን ሁሉም እንደገና ይተረጎማሉ። ፎርትራን ለየብቻ መተርጎምን ፈቅዶ ቁጥጥርን ነሥቶ ነበር፤ ሞዱላ 2 ሁለቱን አስታረቀ።

በዚያው ዘመን የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በየመሥሪያ ቤቱ የበዙበትን ቋንቋዎች በአንድ ለመተካት ውድድር አውጥቶ፥ በ1979 በዣን ኢሽቢያ የሚመራው ቡድን አሸነፈ። በ1983 ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ይህ አዳ የተባለው ቋንቋ ዋና መዋቅሩን መግለጫና አካል በተለዩበት ክፍል ላይ መሠረተ። በ1984 ደግሞ ዴቪድ ማክዊን ለስታንዳርድ ኤም ኤል ቋንቋ አንድ እርምጃ የራቀ ሥርዓት አቀረበ። በዚህ ሥርዓት ውሉ ራሱን የቻለ ስም አለው፤ አንድ ውል በብዙ ሞጁሎች ሊፈጸም ይችላል፤ ሞጁልን ተቀብሎ ሌላ ሞጁል የሚያወጣ ሞጁልም መጻፍ ይቻላል።

አጥር የሌላቸው ቋንቋዎች

ይህ ሁሉ ሲሆን ዓለምን ያዳረሱት ቋንቋዎች ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ ዴኒስ ሪቺ የሠራው ሲ ሞጁል የሚባል ነገር የለውም። ውሉ የሚጻፈው በተለየ ፋይል ሲሆን፥ ፋይሉ እንዳለ እየተገለበጠ በተጠቃሚው ጽሑፍ ላይ ይለጠፋል። ስለሆነም በአንዱ ፋይል የተሰየመ ነገር ቀጥሎ የሚለጠፈውን የሌላውን ፋይል ትርጉም ሊያዛባ ይችላል። ከሲ የተወለደው ሲ ፕላስ ፕላስ እውነተኛ ሞጁል ያገኘው በ2020 በወጣው ደረጃ ነው። በ1995 የወጣው ጃቫስክሪፕትም በአንድ ገጽ ላይ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ሁሉ በአንድ የስም ማኅደር ያኖራቸው ነበር፤ የሞጁል ሕግ በቋንቋው ደረጃ የሰፈረለት በ2015 ነው።

ጃቫም አጥርን ዘግይቶ ማጠር ምን እንደሚያስከፍል ተምሮበታል። ከመድረኩ ውስጣዊ ክፍሎች አንዳንዶቹ ለውጭ ተጠቃሚ ያልታሰቡ ቢሆኑም ስለሚደረስባቸው ብዙዎች ተደገፉባቸው። በ2017 የወጣው ዘጠነኛው ጃቫ የሞጁል ሥርዓት ሲያመጣ እነዚህን ክፍሎች በአንድ ጊዜ መዝጋት አልተቻለም፤ መዝጊያው በየእትሙ ቀስ በቀስ ተጠናቀቀ። ያልተጠበቀ ምሥጢር ውሎ አድሮ ውል ይሆናል።

የክርክሩ ፍጻሜ

በ1995 የብሩክስ መጽሐፍ ሃያኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ እንደገና ታተመ። ብሩክስ በዚያ እትም በጨመረው ምዕራፍ ወደ ቀድሞው ክርክር ተመለሰና፥ በዚህ ጉዳይ ፓርናስ ትክክል እንደ ነበረና እርሱ እንደ ተሳሳተ ያለ ማመንታት ጻፈ። በሙያው ውስጥ ስሙ የገነነ ሰው ሃያ ዓመት የተነበበለትን ቃል በገዛ መጽሐፉ መሻሩ ለፓርናስ ሐሳብ የተሰጠ ታላቅ ምስክርነት ነው።

ይሁንና የብሩክስ የጥንት ሥጋት ጨርሶ አልሞተም። ማክልሮይ የተመኘው የመለዋወጫ ገበያ በኢንተርኔት አማካይነት እውን ሲሆን ሥጋቱ በሌላ መልክ ተመልሷል። በማርች ወር 2016 በአንድ የጃቫስክሪፕት ሞጁሎች ማከማቻ ውስጥ የነበረ፥ ከጽሑፍ በስተግራ ባዶ ቦታ የመሙላት ሥራ ብቻ የሚሠራ 11 መሥመር ያለው ሞጁል በደራሲው ተነሣ። በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞች መገጣጠም አቃታቸው፤ ብዙዎቹ ባለቤቶች ሞጁሉን እንደሚጠቀሙ እንኳ አያውቁም ነበር። ሞጁሉ በዚያው ቀን ቢመለስም ማከማቻው የማንሣትን ደንብ ለማጥበቅ ተገደደ። በዲሴምበር ወር 2021 ደግሞ በጃቫ ፕሮግራሞች ውስጥ የሥራ ማስታወሻ የሚመዘግበው ሎግ 4 ጄ የተባለው ሞጁል ከባድ ክፍተት እንዳለበት ተገለጸ። ለመመዝገብ የተላከለት ጽሑፍ የተለየ ምልክት ከያዘ፥ ሞጁሉ ጽሑፉን መጻፍ ብቻ ሳይሆን በኔትዎርክ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሄዶ ከዚያ የመጣለትን ትእዛዝ ሊፈጽም ይችል ነበር። ከብዙዎቹ ተጠቃሚዎች «መዝግብ» የሚለው ቃል ይህንንም እንደሚያጠቃልል የጠረጠረ አልነበረም። የመሥሪያ ቤቶች የመጀመሪያ ጭንቀትም ሞጁሉ በየትኞቹ ፕሮግራሞቻቸው ውስጥ እንደሚገኝ ማወቅ ሆነ።

እነዚህ ሁለት አጋጣሚዎች የፓርናስን ደንብ አያፈርሱም። ፓርናስ እንዲሸሸግ የጠየቀው ሊለወጥ የሚችለው ውሳኔ ነው እንጂ ተጠቃሚው ሊያውቀው የሚገባው ጠባይ አይደለም። የሞጁል ሥርዓትም ስሞች በትክክል መጠራታቸውን፥ የመረጃው ዐይነት መገጣጠሙንና ድንበሩ አለመጣሱን ይመረምራል። ሞጁሉ ነገ በቦታው መገኘቱንና ከስሙ ያለፈ ሥራ አለመሥራቱን ግን የሚመረምር ተርጓሚ ፕሮግራም የለም። ያ የባለሙያው ኀላፊነት ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ ማን ምን ይወቅ? ለሚለው ጥያቄ ታሪኩ የሰጠው መልስ ሁለት ወገን አለው። ባለሙያው የጓደኛውን ሞጁል የውስጥ አሠራር ባያውቅ ይሻለዋል፤ ካወቀው ይደገፍበታል፤ ከተደገፈበት ጓደኛው ነገ ሊለውጠው አይችልም። ውሉን ግን እስከ መጨረሻው ነጥብ ማወቅ አለበት፤ የማን ሞጁል በፕሮግራሙ ውስጥ እንደ ገባም እንዲሁ። ውሉን የሚጽፈውም ወገን ዊለር በ1952 ያመለከተውን ቢያስታውስ ይጠቀማል። ትእዛዙ ተጽፎና ተፈትኖ ባበቃበት ሰዓት ሥራው አላለቀም፤ ውስጡን ለማያውቅ ሰው የሚሆነው መግለጫ ገና አልተጻፈምና።